ሌባዋ ቪዲዮ የምትሠራዋ ልጅ አይደለችም

ክቡር አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

በቅርቡ ባወጣችሁት አንድ አስተያየት ላይ፣ ቪዲዮው ላይ የሰው ዘፈን እየለጠፈ ኢንተርኔት ላይ የሚለቅ ወጣት ሁሉ ከኪስ አውላቂ አይለይም የሚል አነበብኩ። የጸሐፊው ንዴት ይገባኛል። የሙዚቃ ሰው በዚህ አገር ስንት ዘመን ሲዘረፍ እንደኖረ በዓይኔ ያየሁ ነኝ። ጣታቸውን የቀሰሩት ግን በማይገባት ልጅ ላይ ነው።

ማን ነህና ለምትሉኝ፣ ጡረተኛ የካሴት ሻጭ ነኝ። ጎልማሳነቴን የጨረስኩት መርካቶ፣ አንድ ሙዚቃ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ነው። የሱቃችን ድምፅ ማጉያ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ነበር የሚጮኸው። አዲስ ካሴት የወጣ ቀን አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያዳምጣል። ደስ ያለው ገብቶ ይገዛል። ያላማረው ደግሞ በነጻ ሰምቶ መንገዱን ይቀጥላል። የሱቁ ባለቤት «ሳትከፍል ሰማህ» ብሎ ያባረረው ሰው የለም። ማስታወቂያው እሱው ነበራ!

ሌቦቹን ግን ለይተን እናውቃቸው ነበር። ካሴቱ ሰኞ ከወጣ፣ ረቡዕ ኮፒው እዚያው መርካቶ ውስጥ ይገኛል። ሽፋኑ በፎቶ ኮፒ የተባዛ፣ ፊደሉ የደበዘዘ፣ ዋጋው የኦርጅናሉ ግማሽ። ያን ጊዜ ዘፋኝ ለካሴቱ የሚከፈለው ከአሳታሚው በቁርጥ ነው። ኮፒው በበዛ ቁጥር አሳታሚው ለሚቀጥለው ካሴት እጁ ያጥራል። «ገበያው ሞቷል» ይላል፤ ዋጋ ይሰብራል። ዘፋኙም፣ ግጥምና ዜማ ደራሲውም፣ አቀናባሪውም የሚጎዱት በዚህ በኩል ነው። ስለዚህ እኔ ሌባን የምለይበት ጥያቄ ቀላል ነው። ዘፈኑን ማን ሸጠው? ገንዘቡስ ማን ኪስ ገባ?

እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ የምትሠራ ልጅ በቤተሰቤ ውስጥ ስላለች በእሷ ላስረዳ። የእህቴ ልጅ ቤሩት፣ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። እሑድ እረፍቷ ነው። ከጓደኞቿ ጋር ይሰበሰቡና ቡና ያፈላሉ። ስልኳን ፔርሙስ ላይ አስደግፋ ረከቦቱን፣ ፈንዲሻውን፣ ሳቃቸውን ትቀርጻለች። ከበስተጀርባው አንድ የድሮ ትዝታ ታስገባበታለች። ቢረዝም አንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ ቲክቶክ ላይ ትለቀዋለች። ከዚህ የምታገኘው ሳንቲም የለም። ከሥሩ የዘፋኙን ስም ትጽፋለች፤ ይህን ያስለመድኳት እኔ ነኝ። ሰው ደግሞ «ይሄ ዘፈን የማን ነው?» እያለ ይጠይቃታል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ዘፈኑ ሲወጣ ያልተወለዱ ናቸው። የምታውቀውን ትመልሳለች። የማታውቀውን ለእኔ ትልከዋለች፤ እኔ እመልሳለሁ። ድሮ ባንኮኒ ላይ የምሠራውን ሥራ ዛሬ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ እሠራዋለሁ ማለት ነው። የቀረው ደመወዙ ብቻ ነው።

ሕጉ ምን ይላል የሚል ይኖራል። ሕጉ ለእህቴ ልጅ አይራራላትም፤ እሱን አልክድም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው፣ ዘፈን ጥበቃ የሚያገኘው ከተፈጠረባት ደቂቃ ጀምሮ ነው። መዝገብ ላይ መስፈር ግድ አይደለም። ግጥምና ዜማው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። የድምፅ ቅጂው ደግሞ ራሱን የቻለ የ50 ዓመት ጥበቃ አለው። ለግል መገልገያ አንድ ቅጂ መቅዳት፣ ለትችት ወይም ለማስረጃ ጥቂት መጥቀስ፣ ለማስተማር መጠቀም፣ እነዚህን አዋጁ በልክ ይፈቅዳቸዋል። ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ ግን ግል አይደለም። ዓለም ሁሉ የሚያየው አደባባይ ነው።

ቅጣቱን ስትሰሙ ደግሞ ጉድ ትላላችሁ። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ለአንድ ደቂቃ የቡና ቪዲዮ! አዋጁ ሲወጣ ቲክቶክ ቀርቶ ዩቲዩብም አልተፈጠረም። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ በዓይነ ሕሊናው የሚያየው፣ ካሴትና ሲዲ በካርቶን እያባዛ የሚቸረችረውን ነው። ለእሱ የተለካ ጫማ ነው ዛሬ ለእህቴ ልጅ ካልሆነ የሚባለው።

እዚህ ላይ ወጣቶቹም የሚያወሩትን ተረት ልንካው። «ከ10 ሰከንድ ካላለፈ ችግር የለውም» ይላሉ። በአዋጁ ውስጥ እንዲህ የሚል ሰከንድ ፈልጋችሁ አታገኙም። ሌላው ደግሞ ከቪዲዮው ሥር «የቅጂ መብት ለመጣስ ታስቦ አይደለም» ብሎ ይጽፋል። ይህ ከሕግ ፊት ምንም አያድንም፤ እንዲያውም ነገሩን እያወቀ እንዳደረገው ራሱ ፈርሞ መስጠቱ ነው። ሁለቱንም ተዉአቸው።

አሜሪካኖቹ በዚሁ ነገር ፍርድ ቤት ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ፔንስልቬንያ ያለች አንዲት እናት ሕፃን ልጇ ወጥ ቤት ውስጥ ሲጨፍር ቀርጻ ዩቲዩብ ላይ አወጣች። 29 ሰከንድ ነው። ከኋላ የአሜሪካዊው ዘፋኝ የፕሪንስ ዘፈን ይሰማል፤ ድምፁ እንኳ በደንብ አይለይም። የዘፈኑ መብት አስተዳዳሪ የሆነው ትልቅ ኩባንያ «አውርዱልኝ» አለ፤ ወረደ። እናትየው አልተኛችም፤ ከሰሰች። በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ባለ መብት ቪዲዮ ይውረድልኝ ከማለቱ በፊት አጠቃቀሙ ሕጉ የሚፈቅደው ዓይነት መሆን አለመሆኑን ማሰብ አለበት ብሎ ወሰነ። ክርክሩ በስምምነት ያለቀው በ2018 ነው። ለ29 ሰከንድ 11 ዓመት! የዚያ አገር ሕግ እኛን አይገዛንም። ቁም ነገሩ ግን፣ የጓዳ ቪዲዮን ከዘረፋ መለየት እንደሚያስፈልግ ዳኞች ቁጭ ብለው ማሰባቸው ነው።

አሁን ገንዘቡን እንከተል። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ኮንቴንት አይዲ የሚሉት ማሽን አለው። ባለ መብቱ የዘፈኑን ቅጂ ያስቀምጣል። ማሽኑ ሰው የሚጭነውን ቪዲዮ ሁሉ ከዚያ ቅጂ ጋር ያመሳክራል። ተመሳሳይ ካገኘ ለባለ መብቱ ሦስት ምርጫ ይሰጠዋል። ቪዲዮውን ማገድ፣ በቪዲዮው ላይ ማስታወቂያ አስገብቶ ገንዘቡን መውሰድ፣ ወይም ዝም ብሎ ስንት ሰው እንዳየው መከታተል። ባለ መብቶች ከ90 በመቶ በላይ ለሚሆነው የሚመርጡት ገንዘቡን ነው። በዚህ ማሽን በኩል ባለ መብቱ «ዘፈኑ የእኔ ነው» ማለቱ ነው «ክሌይም» የሚባለው። «ስትራይክ» ሌላ ነው፤ እሱ የሚመጣው ባለ መብቱ በሕግ መንገድ አውርዱልኝ ብሎ ሲጠይቅ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ ያገኘ ቻናሉ ይዘጋል። ወጣቶቹ ሁለቱን እያምታቱ ክሌይም በመጣ ቁጥር ይደነግጣሉ። ቲክቶክ ደግሞ ከሙዚቃ ኩባንያዎች ጋር ተዋውሎ የራሱን የዘፈን ማከማቻ አዘጋጅቷል። ውሉ ሲበላሽ ዘፈኑም ይጠፋል። በ2024 መጀመሪያ ዩኒቨርሳል የተባለው ኩባንያ ሳይስማማ ቀርቶ ወራት ሙሉ ዘፈኖቹ ጠፍተው ነበር።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ልጅ ዩቲዩብ ላይ የልደት ቪዲዮ ሲለቅ ከኋላ የምናውቀው ዘፈን አለ። ማሽኑ ያውቀዋል። ማስታወቂያ ይገባል። ገንዘቡ ለባለ ዘፈኑ ይሄዳል። ልጁ ቀረጸ፣ ልጁ አቀናበረ፣ ልጁ ተመልካች ሰበሰበ፤ ብሩን ባለ ዘፈኑ በላ። የእኛ የመርካቶ ኮፒ ነጋዴ እንዲህ ያለ ደግነት አድርጎ ያውቃል?

ነገር ግን ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባለ ዘፈኑ ማን ነው? ማሽኑ የሚያውቀው ዘፈኑን «የእኔ ነው» ብሎ ያስመዘገበውን ሰው ነው። ዘፋኙን አያውቅም። ዜማ ደራሲውን አያውቅም። ቀድሞ የመጣውን ያምናል።

ኮምቦልቻ፣ የዘመድ ሠርግ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሴቶቹ ከበሮ ይዘው፣ እያጨበጨቡ፣ ሙሽራዋን በባህሉ ዘፈን አጅበው ሲያስወጧት አንዱ ወጣት በስልኩ ቀረጸው። ባንድ የለ፣ ኪቦርድ የለ፣ ድምፅ ማጉያ የለ። የአክስቶቼ ጉሮሮና የከበሮው ቆዳ ብቻ። ውጭ ያሉ ዘመዶች እንዲያዩት ኢንተርኔት ላይ ጫነው። ሳይቆይ መልእክት መጣ። ቪዲዮው ውስጥ ያለው ሙዚቃ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም እገሌ የተባለ ድርጅት ነው የሚል። ስሙን ከዘመድ ወዳጅ ሰምቶት የሚያውቅ የለም። ያን ዘፈን እናቴ ዘፍናዋለች። የእናቴ እናትም ተዘፍኖላት ነው የወጣችው። ድርጅቱ ያኔ የት ነበር?

የሆነው እንዲህ ነው። የሠርግ ዘፈን፣ ሆያ ሆዬ፣ አበባየሆሽ፣ እነዚህ የሕዝብ ናቸው፤ ማንም ሊዘፍናቸው ይችላል። አንድ ዘፋኝ ስቱዲዮ ገብቶ በራሱ ቅንብር ከሠራቸው ያ ቅጂ የእሱ ነው፤ ያንን ቅጂ አንስቶ መለጠፍ የሰው ንብረት መንካት ነው። እዚህ ድረስ ትክክል ነው። ግን የእሱ ቅጂ ስለተመዘገበ የአክስቶቼ ጭብጨባ የእሱ አይሆንም። ወጣቱ «ይቅር፣ ምን አጨቃጨቀኝ» ሊል ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ተከራከር አልኩት። ተቃውሞ አስገባ። ባለ ክሌይሙ የመመለሻ 30 ቀን አለው። ድርጅቱ ትንፍሽ ሳይል ቀኑ አለፈና ክሌይሙ ተነሳ። የራሱ ቢሆን ዝም ይል ነበር?

ይህ የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዩቲዩብ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 የመጀመሪያ ስድስት ወራት 722 ሚሊዮን ክሌይም እንደነበረ አሳውቋል። የተከራከረው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ከተከራከሩት ውስጥ ግን 60 በመቶ ያህሉ ረቱ። እንግዲህ ሳይከራከር የተወው ስንቱ እውነት ነበረው? ፈርቶ፣ እንግሊዝኛው ከብዶት፣ ወይም «ከትልቅ ድርጅት ጋር ምን አጋጠመኝ» ብሎ የተወው ማለቴ ነው።

ይህን መንገድ ሥራ ያደረጉትም አሉ። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሰዎች ከ50,000 በላይ የላቲን ዘፈኖችን የእኛ ናቸው ብለው አስመዘገቡ። አንዱንም አልዘፈኑትም፤ አንዱንም አልጻፉትም። ከ23 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ። በ2021 ተከሰሱ፤ ጥፋተኝነታቸውንም አምነው ታሰሩ። ያን ሁሉ ዘመን የዘፈኖቹ ባለቤቶች ገንዘባቸው ወዴት እንደሚሄድ አያውቁም ነበር። አድናቂዎች ቪዲዮ በሠሩ ቁጥር ብሩ ወደ እነዚህ ሁለት ሰዎች ይፈሳል። ሌባ ማለት ይኸውላችሁ!

የእኛን የድሮ ካሴቶች ሳስብ የምፈራው ይህንኑ ነው። አንድ ሰው ከአሮጌ ዕቃ ተራ ካሴት ይገዛል። ኮምፒውተር ላይ ይገለብጠዋል። በኢንተርኔት ዘፈን በሚያከፋፍሉ ድርጅቶች በኩል፣ ከዘፋኙ ስም ጎን የራሱን ስም በባለቤትነት አስገብቶ ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ ያን ዘፈን የነካ ቪዲዮ ሁሉ ለእሱ ይገብራል። ሽማግሌው ዘፋኝ ራሱ ሳሎኑ ቁጭ ብሎ የገዛ ዘፈኑን ቢያሰማ፣ የገዛ ዘፈኑን ሰረቅህ ሊባል ይችላል። በሩ ላይ የሚቆመው ማሽኑ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ሽማግሌውን አያውቃቸውም።

ለምን እኛ ላይ ይቀላል? ወረቀት የለንማ። በካሴቱ ዘመን ውል የሚባለው አንዳንዴ በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበታል። አንዳንዴ እሱም የለም፤ ቃል ነው፤ ሻይ ላይ ያለቀ ነገር ነው። ኢንተርኔት የሚባል ነገር በማንም አእምሮ ስላልነበረ ስለሱ የተጻፈ ቃል የለም። ዛሬ ዘፋኙ «እኔ የሸጥኩት ካሴቱን ነው» ይላል። አሳታሚው «ማስተሩን፣ ዋናውን ቅጂ ገዝቻለሁ፤ ሁሉም የእኔ ነው» ይላል። የደራሲው ልጆች ደግሞ «አባታችን ለግጥሙ ምን አገኘ?» ይላሉ። ሦስቱ ሲነታረኩ አራተኛው ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ ያስመዘግባል።

ወረቀት ሲኖር ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ሥራው በሀገር ፍቅር ማኅበር እጅ ብቻ የተያዘ ነበር። ደፍሮ ገባበት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። በእያንዳንዱ ሸክላ ላይ የአምሃ ሬኮርድስ ስም ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ኢትዮፒክ የሚባለውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ሲጀምር፣ ለእነዚያ ዘፈኖች የሚያነጋግረው ሰው ይታወቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲገባ ዓለም ሰማው። ባለቤቱ ስለታወቀ መንገድ ተገኘ። አምሃ በ2021 አርፏል፤ ስሙ ግን ከሸክላዎቹ አልተፋቀም።

ስለ ወረቀት ካነሳሁ የካሴት ሽፋንን ልናገር። ብዙ ሰው ካሴቱን ሰምቶ ሽፋኑን ይጥላል። እኔ አልጥልም። ሽፋኑን ገለጥ ስታደርጉት በደቃቅ ፊደል ሁሉም ነገር አለ። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ፣ የተቀዳበት ስቱዲዮ፣ አሳታሚና አከፋፋይ፣ ዓመተ ምሕረቱ። በአዋጁ መሠረት ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ሥራው ላይ ስሙ የሰፈረ ሰው እንደ ደራሲ ይቆጠራል። ይህቺ ብጣሽ ወረቀት ማስረጃ ናት ማለት ነው። በቅርቡ የአንድ ሟች ግጥም ደራሲ ልጅ በሰው በሰው አፈላልጎኝ መጣ። የአባቱን ግጥሞች ሌላ ሰው በስሙ አስመዝግቧቸው ኖሯል። እጁ ላይ ያለው የአባቱ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ካርቶኖቼን ገለባበጥን። የአባቱ ስም ያለባቸው ሽፋኖች ተገኙ። ልጁ ሽፋኑን ይዞ አለቀሰ፤ እኔም ዓይኔ ረጠበ፤ ቤቱም አቧራ ነበረበት። ጉዳዩ ገና አላለቀም፤ እሱን ሲያልቅ ራሱ ይንገራችሁ።

አሁን ከአስተያየት ሰጪው ጋር የምስማማበትን ልናገር፤ ሁሉን አማተር ነው ብዬ እንዳልፈው አይምሰላችሁ። ሶፋ የሚሸጠው ነጋዴ አዲሱን የፍቅር ዘፈን ከሶፋው ሥር ሲያነጥፈው እሱ አማተር አይደለም። ማስታወቂያ ሠርቷል። ለሬዲዮ ማስታወቂያ ሲሆን ይከፍል የለም እንዴ? ለቲክቶክም ይክፈል። የሪል ስቴት ሻጩ፣ የመዋቢያ ነጋዴው፣ ሬስቶራንቱ፣ ሁሉም። ቲክቶክ እንኳ የንግድ አካውንቶችን ለብቻ ለይቶ፣ ለንግድ የተፈቀደ ሙዚቃ ብቻ ነው የሚሰጣቸው። ብልጦቹ ግን በግል አካውንት እየገቡ ይሸጣሉ። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ሮያሊቲ፣ ማለትም ለባለ መብቶች የሚገባውን ክፍያ፣ የሚሰበስቡበትን መንገድ ከፍቷል። መሰብሰቢያው እንግዲህ እነዚህ ናቸው።

ሙሉ ካሴት ከአንድ የአበባ ፎቶ ጋር ጭኖ፣ ማስታወቂያ እያስገባ የሚበላውም አማተር አይደለም። የመርካቶው ኮፒ ነጋዴ ልጅ ነው።

ሌላው የሚያናድደኝ፣ ማሽኑ እንዳይዛቸው ዘፈኑን የሚያፈጥኑት ወይም ድምፁን የሚያቀጥኑት ናቸው። አንድ የጥላሁን ዘፈን እንደዚያ ተደርጎ ሰማሁ። ጥላሁን! ያ ድምፅ የካርቱን አይጥ ሆኖ። ስሙን ደብቆ፣ ገንዘቡንም ነፍጎ፣ በላዩ ላይ ዘፈኑን ማበላሸት። ይህን የሚያደርግ ልጅ ካላችሁ ጆሮውን ቆንጠጥ አድርጉልኝ። ክሌይም ይምጣ! ምን ይሆናል? ገንዘቡ ለባለቤቱ ይሂድ፤ ዘፈኑ በወጉ ይሰማ።

ለዘፋኞቻችንና ለአሳታሚዎቻችንም አንድ ጥያቄ አለኝ። ምን እንደምትፈቅዱ በግልጽ ንገሩን። በየቻናላችሁ መግቢያ ላይ ሁለት መስመር ብትጽፉ ይበቃል። ለቤተሰብ፣ ለልደት፣ ለጉዞ ቪዲዮ ስማችንን ጠቅሳችሁ ተጠቀሙ፤ ለማስታወቂያ ግን በዚህ ስልክ ደውሉ። አለቀ። ልጆቹ እኮ መጠየቂያው በር የት እንደሆነ አያውቁም። የእህቴ ልጅ ለአንድ ዘፋኝ ገጽ ፈቃድ ጠይቃ ጽፋ ነበር። መልስ አልመጣም። ከቤሩት ተነስታ አዲስ አበባ መጥታ በር ታንኳኳ?

የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንም ከካሴቱ ዘመን ሥራዎች ቢጀምር መልካም ነው። ከሸክላና ከካሴት ሽፋን ላይ የተለቀመ፣ ማንም ገብቶ የሚያየው ዝርዝር ይኑረን። ዘፈኑ፣ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን። ያኔ የውሸት ክሌይም የመጣበት ሰው የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። የውሸት ባለቤቱም ከማስመዝገቡ በፊት ያስብበታል። ሽማግሌዎቹ ደራሲዎች እያለፉ ነው፤ ከእነሱ ጠይቆ ማጣራት የሚቻለው አሁን ነው።

ከእናንተ ደግሞ የምፈልገው ጥቂት ቦታ ነው። በየሳምንቱ አንድ የካሴት ሽፋን አትሙ። ከፊቱ ያለውን የዘፋኙን ፎቶ ብቻ ሳይሆን የውስጡን ደቃቅ ጽሑፍ። አንባቢም እቤቱ ያለውን ይላክላችሁ። ስህተት ካለ ደራሲው ወይም ልጆቹ ይታረምልን ብለው ይጻፉ። እኔ ያሉኝን ሽፋኖች በየዓመተ ምሕረታቸው ለያይቼ በፖስታ አድርጌያቸዋለሁ። አምጥቼ ላሳያችሁ ዝግጁ ነኝ፤ ፎቶ አንስታችሁ ትመልሱልኛላችሁ። ቀጠሮውን ከሰዓት በኋላ አድርጉልኝ፤ ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን ስለሚያመኝ ደረጃ አልወጣም።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ ካሴት ሻጭ
ከመርካቶ፣ አዲስ አበባ